ይድረስ ለ"ቤተመንግስቱ ዛሬ ዝግ ነው" ባዩ የባንኮክ ባለ ቱክቱክ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔና አክስቴ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በቀን ስንቱን እንደምትጭን እግዜር ይወቀው፣ ላታስታውሰን ትችላለህ። ባለፈው መጋቢት ለጉልበቷ ህክምና የመጣች ነጠላ የለበሰች ሴትዮ እና ላብ ያጠመቀው ባለቁምጣ ልጅ ግራንድ ፓላስ አጥር ስር አላገኘህም? ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር በኛ አቆጣጠር። ጥርስህን ብልጭ አድርገህ "ፓላስ ክሎዝድ፣ ቱዴይ ቡድሃ ደይ" አልከን። አክስቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ከሁሉም "ቡዳ" የምትለዋ ብቻ ጆሮዋ ገባችና አማትባ "ልጄ ቶሎ ከዚህ እንሂድ" ብላ ቀድማኝ ባጃጅህ ላይ ወጣች። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ እኮ ናት! ሀኪሙ ያላዳነውን አንተ አዳንከው።

ሶስት ቤተመቅደስ በ20 ባት (በታይ ገንዘብ) ነበር ውላችን። አንዱን አየን፣ ከዛ "5 ሚኒት ኦንሊ" ብለህ ሱፍ ሰፊ ቤት አስገባኸን፣ ሰውየው ሰላም ሳይለኝ ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠመጠመ። አክስቴ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ፈተግ ፈተግ አድርጋ "ይሄማ ፖሊስተር ነው፣ መርካቶ ሞልቷል" አለች ባማርኛ፣ የሚገርመው ሰውየው ገባው። ቀጥሎ የከበረ ድንጋይ ቤት። እዛ ግን ኤሲ ስለነበር አልነሳም አለች፣ ሶስት ጠርሙስ ውሃ በነፃ ጠጥታ ሳፋየሩን ሁሉ አንድ ባንድ አስወርዳ አይታ "ጥሩ ነው፣ ይመለስ" አለች። አንተ በር ላይ ሱቁ ቱሪስት ስላመጣህለት የሚሰጥህን የነዳጅ ኩፖን ይዘህ ስትቁነጠነጥ በመስታወት አየሁህ፣ ትንሽ አንጀቴን በላኸኝ።

ስትመልሰን 9:30 አልፎ ነበር። ቲኬት የሚሸጠው ደግሞ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 9:30 ነው። ዘበኛው "ክሎዝድ" አለን። ይኸውልህ፣ ጠዋት የዋሸኸውን ከሰዓት እውነት አደረግከው፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው!

ላንተ ምስጋና ይግባና አሁን ለህክምናም ለሸቀጥም ለሚመጣው ሀበሻ ሁሉ አስጎብኚ ሆኛለሁ። በምድር ውስጥ ባቡር ሳናም ቻይ ጣቢያ ውረዱ፣ መንገድ ላይ ሳትጠሩት የሚመጣ ፈገግታ አትስሙ፣ መዘጋቱን የቲኬት መስኮቱ ይንገራችሁ እላለሁ። ቁምጣ ግን በእውነትም አያስገባም፣ እኔ በማግስቱ ዝሆን የተሳለበት ሱሪ ከፊት ለፊት ገዝቼ ነው የገባሁት፣ እስካሁን ፒጃማዬ ነው። መግቢያው 500 ባት ነው፣ ይቆጫል፣ ግን ኤመራልድ የሚሉትን የቡድሃ ሐውልት ሳታይ ብትመለስ የበለጠ ይቆጭሃል። ስሙ ነው እንጂ ኤመራልድም አይደለም፣ ጄድ የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ ነው፣ ቁመቱም 66 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ፣ ሆኖም በዓመት ሶስቴ ወቅት ሲለወጥ ልብሱን የሚቀይርለት ንጉሱ ነው። የሱ ልብስ ሰፊ የነዳጅ ኩፖን የሚሰጥ አይመስለኝም።

ከዛ ዋት ፖ የሚባለው ቤተመቅደስ በእግር ነው፣ 46 ሜትር ቡድሃ ጋደም ብሎልሃል፣ አክስቴ እግሩን ከዳር እስከ ዳር አይታ "ይሄ ጉልበቱን ቢያመው ማን ያሸዋል" አለች። ወንዙን ተሻግረን ሌላው ቤተመቅደስ ዋት አሩን የሄድነው በጀልባ በ5 ባት ነው፣ ጀልባው ደግሞ ሱፍ ሰፊ ጋ አይቆምም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ያኔ ሳትወድ የጻፍክልን ደረሰኝ ላይ ዓመቱ በናንተ በታዮች አቆጣጠር 2567 ይላል። አክስቴ እኛ ገና 2016 ላይ ስለሆንን 551 ዓመት ቆይቼ ነው የምከፍለው ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ 20 ባቷን ተደብቄ የሰጠሁህ።

አክባሪህ፣
ባለቁምጣው

ግልባጭ፦
ለሱፍ ሰፊው (ሜትሩ ሻንጣዬ ውስጥ ተገኝቷል)
ለድንጋይ ቤቱ (አክስቴ በጥቅምት ለቼክአፕ ትመለሳለች፣ ውሃ አዘጋጁ)