አቢሜሌክ የጠየቀውን እኛ ለምን አንጠይቅም?

ሐዋሳ ውስጥ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሰሞኑን አንዲት ዘማሪ ለስድስት ወር ከአገልግሎት አግዳለች። ልጅቷ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ናት። አልሰረቀችም፣ አላመነዘረችም፣ ከማንም ጋር አልተጣላችም። በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እጇን አውጥታ፣ በእንግድነት መጥቶ የነበረው ነቢይ «እስከ መስቀል ቪዛሽ እጅሽ ይገባል» ያላት ለምን እንዳልሆነ ጠየቀች፤ በቃ። መስቀል አልፏል፤ ቪዛው የለም፤ «ዘር ዝሪ» (በረከት እንድታገኚ ገንዘብ ስጪ) ተብላ ለእሱ የላከችው የወር ደመወዟም የለም። የእገዳውን ደብዳቤ አይቼዋለሁ። ቁጥርና ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አርፎበታል፣ ግልባጩ ለመዘምራንና ለወጣቶች ክፍል ይላል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተቀምጧል፦ «በቅባት ላይ የማመፅ መንፈስ በማሳየቷ»። ቅባት የሚሉት ነቢዩ ከእግዚአብሔር ተቀብሎታል የሚሉትን መንፈሳዊ ሹመት ነው። በቀጣዩ እሑድ ከመድረክ የተሰጠው ማብራሪያ ደግሞ ከደብዳቤውም ይብሳል። ጥርጣሬ የሰይጣን ነው ተባለ፤ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ተጠቀሰ፤ ጉባኤውም አሜን አለ።

እኔ አሜን አልልም።

ያቺ ጥቅስ እንደ ጅራፍ ስትጮኽብን ዓመታት አለፉ። መዝሙር 105ን ከፍቶ ከእሷ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ያነበበ ግን ስንቱ ነው? መዝሙሩ የሚያወራው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። በቁጥር ጥቂቶች፣ በሰው አገር እንግዶች፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚዞሩ ነበሩ። ማንም ግፍ እንዳያደርግባቸው እግዚአብሔር ነገሥታትን ገሠጸላቸው። ቃሉ የተነገረው ሠራዊት ላለው ንጉሥ ነው፤ የተነገረለት ደግሞ መሬት የሌለው ስደተኛ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፣ ጠባቂ አስከትሎ በቪኤይት የሚመጣውን ሰው በፈረቃ ከምትሠራ የፋብሪካ ልጅ ለመከላከል ይነበባል። እሷ ናት እንግዲህ ፈርዖን?

ይህም ይቅር። መዝሙሩ የሚያስታውሰውን ታሪክ ራሱን ዘፍጥረት 20 ላይ እንየው። አብርሃም ጌራራ ገብቶ ሣራን «እኅቴ ናት» አለ፤ ንጉሡ አቢሜሌክ ወሰዳት። እግዚአብሔር በሌሊት በሕልም መጥቶ ሴቲቱን እንዲመልስ አዘዘው፤ ሰውየው ነቢይ ነው አለው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ነቢይ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው እዚሁ ነው። አቢሜሌክ ምን አደረገ? ማልዶ ተነሣ፣ ነቢዩን አስጠራ፣ ፊት ለፊት «ይህ ያደረግህብን ምንድር ነው?» አለው። ልብ በሉ፤ ሌሊቱን ከእግዚአብሔር ከራሱ «ነቢይ ነው» ሲባል የሰማ ሰው፣ ያውም ከአሕዛብ ወገን፣ በጠዋት ነቢዩን አስቁሞ ጠየቀው። መብረቅ ወረደበት? አልወረደም። አብርሃምስ «ቅቡዕ ነኝና አትናገረኝ» አለ? አላለም። ስለ ሚስቴ ይገድሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው ብሎ መለሰ። መልሱ ደካማ ነው፤ ግን መለሰ። ከዚያም ጸለየለት፣ የአቢሜሌክም ቤት ተፈወሰ። የእኛ ሰው ከአብርሃም ይበልጣልና ነው የማይጠየቀው?

ዳዊት በዋሻው ውስጥ ሳኦልን አልነካውም ይሉናል። እውነት ነው፤ አልገደለውም። ነገር ግን ከዋሻው ወጥቶ፣ 3,000 ጦር ይዞ ሊያሳድደው የመጣውን ንጉሥ ጮኾ ጠርቶ፣ የቆረጠውን የልብሱን ዘርፍ እያሳየ ወቀሰው። «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» ያለው ይኸው እጁን ያልሰነዘረው ዳዊት ነው። እሱ ራሱ ንጉሥ ከሆነ በኋላ ነቢዩ ናታን በኃጢአቱ ሊገሥጸው መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው ናታንን ከአገልግሎት አላገደም። ጳውሎስም አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃወመው። ጴጥሮስን! ሐዋርያው ዮሐንስ ደግሞ በመጀመሪያ መልእክቱ ቅባቱን ለምእመናን ሁሉ ነው የሰጠው፦ «እናንተም ከቅዱሱ ቅባት ተቀብላችኋል»። በዚሁ አንቀጽ መሠረት እኮ ያቺ ዘማሪም ቅቡዕ ናት። ማን ነው ታዲያ የዳሰሳት?

የቪዛ ትንቢት ሐዋሳ ላይ ገበያ ያገኘው በምክንያት ነው። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ከየወረዳው የመጡ ልጆች አሉ። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ካስወጣች በኋላ ሥራው ሳሳ፤ ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ አይሸፍንም። እንዲህ ላለ ሰው «ትወጫለሽ» ብሎ መናገር መንፈስ ቅዱስን አይጠይቅም፤ አይን ማየት ብቻ ይበቃል።

«ትንቢቱ ያልተፈጸመው እሷ እምነት ስለጎደላት ነው» የሚለውን መልስም ሰምቻለሁ። ይህስ ጭራሽ ነው! በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ ቀን ቆርጦ በቤተ መቅደስ ተናግሮ ነበር። ኤርምያስ «ሕዝቡ ስላላመነ ነው» አላለለትም፤ እግዚአብሔር አልላከህም አለው። ዘዳግም 18ም ያልሆነ ያልመጣ ትንቢት የማን እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል፦ ነቢዩ በድፍረት የተናገረው ነው፤ አትፍራው ይላል። የሰሚው እምነት የሚል ቀዳዳ እዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም።

የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሐዋሳ ላይ መሆኑ ነው። የዛሬዎቹ ነቢያት «የእኛ እሳት» የሚሉት የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በኢትዮጵያ ሥር ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ከተማ ነው። በ1950ዎቹ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን በክረምት በሚያዘጋጀው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ ላይ ከተለያየ ቦታ ተማሪዎች እየመጡ ይሰበሰቡ ነበር። ኮርስ ነው ያልኩት። መጽሐፍ ዘርግተው፣ እየጠየቁ፣ እየተከራከሩ፣ እየጸለዩ። ጥያቄ ባያነሡ ኖሮ እዚያ ባልተገኙም ነበር። በኋላ ደርግ መጥቶ ካድሬው «አምላክህን አሳየኝ» ሲላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ በየቤቱ በሹክሹክታ ሲዘምሩ ያቆማቸው የመድረክ ጩኸት ነበር? ቃሉን ስለመረመሩ ነው የቆሙት። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ታፍነው ሲገደሉ «ትወጣለህ፣ ትከብራለህ» የሚል ወንጌል ይዘው አልነበረም።

ከጥያቄ ጋር ሐሜትም ይመጣል፤ ይምጣ። ለሐሜት ሌላ መድኃኒት ይፈለግለታል። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም «ባሕታዊ ነኝ» ባዩን በቃል ሲጠይቁ ተመሳሳይ ስድብ ይደርስባቸዋል፤ ስለዚህ የጴንጤ ጉድ ብቻ ነው ብሎ ከዳር የሚስቅ አይኑር።

ጥርጣሬ ሁሉ የሰይጣን ነው ያሉት አገልጋይ መጥምቁ ዮሐንስን የት ሊያደርሱት ነው? በጌታ ላይ መንፈስ ሲወርድ ያየ ሰው፣ ወኅኒ ሆኖ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ላከ። ኢየሱስ የእገዳ ደብዳቤ አልጻፈም። ዕውሮች ያያሉ፣ አንካሶች ይሄዳሉ ብሎ መልስ ሰጠ፤ ከዚያ በሕዝቡ ፊት ከሴቶች ከተወለዱት ከእሱ የሚበልጥ እንዳልተነሣ መሰከረለት። ይህች ልጅ ደግሞ ኢየሱስን እንኳ አልተጠራጠረችም፤ የተጠራጠረችው በስሙ የነገደባትን ሰው ነው። ሁለቱን ለይታ ነበር። አሁን በደብዳቤው ምክንያት መለየት እያቃታት ነው። እሑድ መቅረት ጀምራለች፤ ጓደኞቿ «ሁሉም ውሸት ቢሆንስ?» እያለች ማልቀሷን ይናገራሉ። ከእምነት የሚያስወጣት እንግዲህ ጥያቄዋ ነው ወይስ ማኅተማችሁ?

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ደብዳቤውን ሳቡት፤ ግልባጭ ለደረሳቸው ሁሉ የመሳቢያው ግልባጭ ይድረሳቸው። ያንን ሰው ዳግመኛ ስትጋብዙት፣ የምትጋብዙት ከሆነ፣ ማይኩን ከመስጠታችሁ በፊት «እስከ መስቀል» ስላለው ቪዛ በዚያው መድረክ መልስ ይስጥ። የልጅቷንም ደመወዝ ይመልስ፤ ባነሩ ላይ በትልቁ የጻፈው የቴሌብር ቁጥር መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም ይችላል።