ለወንዝ ዳር ድንኳን ተካዮች የቀረበ ውዳሴ

አዲስ አበባ ብዙ ዓይነት ባለሙያ አፍርታለች፤ የሰሞኑን የካምፒንግ አዘጋጆች የሚያህል ግን አላየሁም። ድሮ ሜዳ የሚያድር ሰው ነፋሱን ያያል፣ ዳገቱን ያያል፣ ያገሩን ሰው አግኝቶ «ውሃው ሲሞላ እስከ የት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ምን ያለ ጊዜ ማባከን ነው! የዘንድሮው አዘጋጅ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራል ወይ? ካማረ አለቀ፣ ድንኳን ይወጠር።

ጥበቡን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይውረድ። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዙሪያው ደረቅ የግራር አገር ሆኖ ወንዙን ተከትሎ ግን ሾላው፣ ሮቃው ጥቅጥቅ ይላል፤ ከፏፏቴው በታች አዋሽ ገደል ውስጥ ይገባል። ፓርኩ ለድንኳን የለያቸው ጥላማ ቦታዎች አሉት። አዘጋጃችን ዞር ዞር ብሎ አያቸውና ናቃቸው። ከዚያ ሆኖ ሲነሣ ውሃው ከጀርባ በደንብ አይገባማ! ስለዚህ ሕዝቡን እየመራ ወደ አሸዋው ወረደ።

አሸዋው እውነትም ያስጎመጃል። እሾህ የለው፣ ጠጠር የለው፣ እንደ ሠርግ ድንኳን ወለል ተጠርጎ የተደለደለ ነው። «ይሄን ሁሉ ማን ደለደለው?» ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ አይጠፋም፤ ጠያቂ አያሳጣን እንጂ። ቀና ሲሉ ደግሞ ከራስ በላይ፣ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ እንኳ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ፣ ደረቅ ሣር፣ የሸንበቆ ስብርባሪና የተቀዳደደ ጥቁር ፌስታል ተጠምጥሞ ተንጠልጥሏል። ውሃው ባለፈው ክረምት በዚያ ሲያልፍ የተወው ነው። ሌላ ሰው ይህን አይቶ ዕቃውን ይሸክፍ ነበር። የኛ ሰው ግን ጥቅሙ ወዲያው ገባው፤ ድንጋይ ላይ ቆሞ ከሥሩ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ባለቀለም መብራት ሰቀለ፣ ቀጥሎ ፎጣ አሰጣ።

ሰማዩም ተባበረው። መተሐራ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። አዋሽ ውሃውን የሚያገኘው ከመተሐራ ሰማይ ሳይሆን ከጊንጪ አካባቢ ከሚነሣበት ደጋ ነው፤ ቆቃ ላይ ግድብ ቢይዘውም፣ ከግድቡ በታች ከአርሲ በኩል የሚገቡት ወንዞች ማንንም አያስፈቅዱም። ደጋው ዘንቦ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ደራሽ የሚመጣው እንደዚህ ነው። ይህ ግን ጂኦግራፊ ነው፤ ጂኦግራፊ ደግሞ ማትሪክ ላይ ቀርቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶቻችንም ቢሆኑ በጊዜያቸው ካሜራ ስላልነበረ ነው፤ ቢኖርማ ሳቁን ይቀርጹት ነበር።

የፓርኩ ስካውት፣ ጠብመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሰው፣ መጡ። «ልጆቼ፣ እዚህ አትደሩ። ማታ አዞ ይወጣል፤ ውሃውም አይታመንም» አሉ።

አዘጋጁ ትሕትናው ለጉድ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አባባ፣ እውነትዎን ነው። ግን ሎኬሽኑን ግሩፑ ላይ ልከነዋል። አሁን ብንቀይር ወደ ኋላ የቀሩት ይጠፋሉ» አላቸው።

ይሄ ነው አመራር! አዞ ያልፋል፣ ጎርፍ ያልፋል፣ የተላከ ሎኬሽን ግን አይመለስም። ሽማግሌው አንዴ ወንዙን፣ አንዴ ልጁን አዩና ዳገቱ ላይ ካለች ግራር ሥር ሄደው ተቀመጡ። ለምን ዳገት እንደመረጡ የጠየቃቸው የለም።

ማታው እንዴት አለፈ? የወንዙ ድምፅ ለብቻው ቀዝቀዝ ስለሚል በሁለት ትልልቅ ስፒከር ተደገፈ፤ ስፒከሩ እንዳይደክም ጄኔሬተር መጣ፤ ጄኔሬተሩ እንዳይሰማ ስፒከሩ ከፍ ተደረገ። ጉሬዛ ለማየት የመጣች አንዲት ልጅ «ዛፉ ላይ ምንም የለም እኮ» ብላ ቅር አላት። ለእሳቱም ደረቅ እንጨት መፈለግ ስለሚያደክም እርጥብ ግራር ተቆረጠ፤ ጭሱም ለቪዲዮው ጭጋግ ሆኖ አገለገለ። ጠዋት ጦጣዎቹ ወርደው ዳቦውን፣ ሙዙን፣ አንድ የቺፕስ ከረጢትም ጨምረው ወሰዱ። ከመላው ጉዞ በዕቅድ የተሠራ ሥራ ቢኖር የነሱ ነው።

ስለ መጸዳጃው ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። ቁጥቋጦው ሁሉ ነጭ ሶፍት አብቧል። ፊት የታጠቡበት ሳሙናና የታጠበው ሰሃን ፍትፍት ቁልቁል ወርዶ፣ ከብት ሊያጠጡ የመጡ ከረዩዎች ጋ ሰላምታ አድርሷል። የሃይላንዱ ጠርሙስ ደግሞ ለሚቀጥሉት እንግዶች ምልክት እንዲሆን በቦታው ቀርቷል፤ እነሱም ባዶ እጃቸውን አይመጡም።

አንዳንድ ኋላ ቀሮችም አይጠፉም፣ እውነቱን ለመናገር። እነዚህ ጀንበር ሳትጠልቅ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ስካውቱን ይጠይቃሉ። የጎርፉን ምልክት ቅርንጫፍ ላይ ፈልገው ከሱ በላይ ይወጣሉ፣ ድንኳን ከመወጠራቸው በፊት ደረቅ ቅርንጫፍ እንዳይወድቅባቸው ቀና ብለው ያያሉ፣ ምግባቸውን መኪና ውስጥ ይቆልፋሉ፣ ቆሻሻቸውን በማዳበሪያ ሞልተው ይዘው ይመለሳሉ። ፎቷቸውን አየሁት፤ አንድ ድንኳን፣ አንድ ግራር፣ ወንዙ ከታች በሩቁ ክር አክሎ። ላይክ ያደረገችላቸው የአንዷ እናት ብቻ ናት።

አዘጋጃችን ግን ወደ ሌላ ደረጃ ተሸጋግሯል። አዲሱን ማስታወቂያ ትናንት ለቀቀ፤ የዓባይ በረሃ፣ ገደሉ ሥር፣ ውሃው አፍ ላይ፣ በሐምሌ አጋማሽ። ቦታው ሊሞላ ጥቂት ሰው ነው የቀረው። ምሳ፣ ቡናና የመሄጃ ትራንስፖርት ተካቷል ይላል። ስለ መመለሻው የተጻፈ ነገር አላየሁም፤ ወንዙ እንደሆነ እስከ ሱዳን ድረስ መንገዱን ያውቀዋል።