ወሎዬ ሁሌ ቆንጆ ብቻ አልነበረም

ስለ ወሎ ያወጣችሁት ጽሑፍ «ወሎዬ ማለት ድሮም ዘንድሮም ቆንጆና ፍቅር አዋቂ ማለት ነው» ይላል። ደስ ይላል፣ ግን የ1966ቱን ድርቅ የት ጥላችሁት ነው? ከዚያ ድርቅ በኋላ መሀል አገር የወሎ ስም ሲነሳ አብሮት የሚነሳው ረሃብ ነበር። አያቴ አገሯን ስትጠየቅ «ደሴ» ብላ ዝም ነው፤ ወሎ የምትለዋን ትዘላታለች። ውበቱና የዜማ ቅኝቶቹ ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉማ ያኔም ነበሩ፤ ማን አስታወሳቸው!

ሌላው፣ ወሎ መጀመሪያ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ በተለይ ደቡቡ አገር ከዚያ በፊት ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ይህንን በአንዲት መስመር ማለፋችሁ አልገባኝም። ዛሬ እንኳ ባቲ በኦሮሞ ዞን ውስጥ ሆና ሰዋ «ወሎዬ ነኝ» ሲል ትሰማላችሁ። ክፍለ ሀገሩ ፈርሷል፣ እሱ መቼ ሰማ!