ሐረጎ ላይ ኒውተን

የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። በአጭር መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለህ፤ ኩርባው አያልቅም። በቀደም በአባዱላ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ደብተሩን ገልጦ ያነበንባል። "የውጭ ኃይል ካልደረሰበት በቀር፣ የቆመ አካል እንደቆመ፣ የሚንቀሳቀስም በዚያው ፍጥነት በቀጥታ መስመር ይቀጥላል..."

ሾፌሩ ድንገት ወደ ግራ ጠመዘዘ። ልጁ እኔ ላይ፣ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጠፍን። "ይቅርታ ጋሼ" አለና ደብተሩን ከወለል አንስቶ ካቆመበት ቀጠለ።

ማንም አልገፋንም እኮ። መኪናው ዞረ፣ እኛ ቀጥታ መሄድ ፈለግን፤ የኒውተን የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ ይኸው ነው። ልጁ ግን ሕጉን በማጥናት ተጠምዶ ሕጉ ሲደርስበት አላየውም። አልፈርድበትም። እኛም ያለፍነው እንዲሁ ሸምድደን ነው።

ስለ ኒውተን ሲወራ ከዛፍ የወደቀችው ፖም ትቀድማለች። እኔ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ1684 የሆነውን ነው። ኤድመንድ ሃሌይ የሚባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካምብሪጅ ድረስ ሄዶ ጠየቀው፦ የፀሐይ ስበት በርቀቱ ስኩዌር ልክ እየቀነሰ ቢሄድ ፕላኔት በምን ዓይነት መስመር ይዞራል? "በኤሊፕስ" (በሞላላ ክብ) አለ ኒውተን ሳያመነታ። በምን አወቅክ ሲባል "አስልቼዋለሁ"። ወረቀቱን ቢፈልግ ግን አጣው።

እኛ ብንሆን "ብቻ እመነኝ" ብለን እንገላገል ነበር። እሱ እንደገና ሠርቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጥቂት ገጾች ላከ። ያም አላረካው። ሲያርም ሲያሰፋ ከርሞ በ1687 "ፕሪንኪፒያ" ወጣ፤ ሦስቱ የእንቅስቃሴ ሕጎች ያሉበት መጽሐፍ። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ ገንዘብ ስለ ዓሣ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ አልቆ ስለነበር፣ የማሳተሚያውን ወጪ ሃሌይ ከኪሱ ሸፈነ። ሃሌይንም አንርሳው።

ታዲያ ሰውየውን መልአክ አናድርገው። ቂመኛ ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ የስበቱ ሐሳብ የኔም ድርሻ አለበት ሲል፣ ኒውተን የመጽሐፉን ሦስተኛ ክፍል አላወጣም ብሎ አኮረፈ። ካልኩለስ የተባለውን የሒሳብ ዘርፍ በማግኘት ማን ቀደመ በሚለው ከጀርመናዊው ሊቅ ከላይብኒትስ ጋር ሲጣላ ደግሞ ዳኛ የተባለው ሮያል ሶሳይቲ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ማን? ራሱ ኒውተን። የ1712ቱን ሪፖርትም በስውር ያዘጋጀው እሱ ነው። በራስ ጉዳይ መፍረድ ማለት ይኸ ነው።

ሦስተኛውን ሕግ፣ ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለ የሚለውን፣ "ለመታህ አጸፋውን ስጥ" ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች ይገርሙኛል። የሕጉ ሁለት ኃይሎች እኩል ይሁኑ እንጂ የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው፣ ያውም በአንድ ቅጽበት። ቂም ግን ጊዜ ይጠብቃል። ቂሙ የኒውተን ነው፣ ፊዚክሱ ውስጥ የለም። ልጆቻችን ያቺን የጠፋች ወረቀት እንደገና መሥራቱን ቢወርሱለት ለኔ በቂ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። "ቅድም ለምን እኔ ላይ ወደቅክ?" አልኩት።

"ሾፌሩ ፈጥኖ ነዋ።"

"ቀስ ቢል ኖሮስ?"

ዝም አለ። ደብተሩን ሊገልጥ ጀመረና ተወው። ቀጣዩ ኩርባ ሲመጣ የያዘውን ብረት ለቆ እጁን ጭኑ ላይ አደረገና ጠበቀ። ከኋላ አንዲት እናት "ኧረ በአላህ ያዝ ልጄ!" ሲሉ አልሰማም።