ድሬ ላይ «ምን ዓይነት ሙዚቃ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም

ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ወጣት «ሙዚቀኛ ነኝ» ቢል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ምን ዓይነት ሙዚቃ?» አር ኤንድ ቢ፣ ጃዝ፣ ሂፕሆፕ… አንዱን መጥራት አለበት። ሁለት ከጠራ ሰዉ ፈገግ ይላል፤ አራት ከጠራ «ገና ራሱን አላገኘም» ይባላል። ድሬዳዋ ላይ ግን የሚጠየቀው «የማንን ሰርግ ሠራህ?» ተብሎ ነው።

ባለፈው ከምኖርበት ከቶሮንቶ ወደ ድሬ ስሄድ ሳቢያን አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሙሽራዋ ቤተሰብ ሐረሪ፣ የሙሽራው ኦሮሞ፣ ጎረቤቱ ሶማሌም ጉራጌም አማራም ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚያስጨፍረው አንድ ከዚራ ያደገ ልጅ ነው፤ ያለው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክ፣ ሪትሞቹን የጫነባት ፍላሽና አጠገቡ ኡድ የሚባለውን ባለ አውታር የአረብ መሣሪያ ይዞ የተቀመጠ ጓደኛው ነው። በሐረሪ ዘፈን ጀመረ፤ ከዚያ የኦሮሞ ሸጎዬ፣ ከዚያ የሶማሌ ዳንቶ፣ ከዚያ ጉራግኛ። በመሃል አማርኛ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ወጣቶቹ አፍሮቢት ጠየቁት፤ እሱንም ሰጣቸው። ቀኝ እጁ ዜማውን ሳያቋርጥ ግራ እጁ ሪትሙን ይቀይራል። አንድ ሽማግሌ ብር ግንባሩ ላይ ለጥፈውለት «አቦ፣ ወደ ሱማሌው መልሰው!» አሉት፤ መለሰው። አንዴ ሪትሙን አፍጥኖ ገባ። ሴቶቹ ግን ጭብጨባቸውን አልቀየሩም፤ በራሳቸው ፍጥነት ቀጠሉ። ልጁ ሳቅ ብሎ ኪቦርዱን ወደ እነሱ አወረደው።

ቶሮንቶ የማውቃቸው ወጣት ሙዚቀኞች እንዲህ ያለ አራሚ የላቸውም። ብዙዎቹ ቀን ምግብ ሲያደርሱ ውለው ማታ ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን ይቀዳሉ፤ መድረክ ሲያገኙ ደግሞ ካፌ ውስጥ ስልኩን የሚያይ ጥቂት ሰው ፊት ይጫወታሉ። የድሬው ልጅ በየሳምንቱ መቶዎች በእግራቸው ይፈትኑታል። ዳንቶው ካልገባው የሚጨፍር የለም፤ የሚጨፍር ከሌለ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰርግ የሚጠራው የለም። ስልት መቀላቀል ለእሱ የጥበብ አቋም አይደለም፤ እንጀራው ነው።

ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኒውም፣ ህንዱም በዚያ ሐዲድ መጥቶ ከኦሮሞውና ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከመሃል አገር ሰው ጋር ተጎራብቶ ኖሯል። ዓሊ ቢራም የዚችው ከተማ ልጅ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አፍራን ቀሎ የተባለውን የድሬ የኦሮሞ ኪነት ቡድን ተቀላቀለ። በኦሮምኛ ብቻ አልቆመም፤ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በአረብኛም ዘፍኗል። ኡድና ጊታርን ይዞ በኋላ የክቡር ዘበኛን መድረክ አየ። ጥቅምት 2015 ሲያርፍ የብዙ ቋንቋ ተናጋሪ አለቀሰለት። የምንቆጨው ግን ብዙ ጊዜ ለሰውዬው ብቻ ነው። እሱን ያወጣው ሰርግና ሰፈር ዛሬም እንዳለ፣ ዛሬም ሌላ ልጅ እያወጣ እንደሆነ አናይም።

ወደ ቶሮንቶ ልመለስ። ያ የድሬው ኪቦርድ ተጫዋች እዚያው ድሬ የራሱን ዘፈን ሠርቷል። ግድግዳው ላይ ፍራሽ የተደገፈበት ክፍል ውስጥ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ። ስንኙ ኦሮምኛ ነው፣ አዝማቹ አማርኛ፣ ከሥሩ የዳንቶ ምት፣ ከላይ ኡድ። በኢንተርኔት መደብሮች እንዲለቀቅለት ወደ እኔ ላከው፤ ካርዱም የባንክ ሒሳቡም ያለው እዚህ ነውና። ድረ ገጹ ላይ ቅጹን ከፈትኩ። ዋና የሙዚቃ ዓይነት፤ አንድ ምረጥ። ሁለተኛ ዓይነት፤ አንድ ምረጥ። የግጥሙ ቋንቋ፤ አሁንም አንድ ምረጥ። ሰርጉ ላይ በአንድ ሌሊት ከስልት ወደ ስልት ያለ ችግር ያለፈው ልጅ እዚህ ሦስት ሣጥን ፊት ቆመ። ስልክ ደውዬ ብጠይቀው «አቦ አንተ ታውቃለህ፣ የፈለግከውን አድርግ» አለኝ። መጨረሻ ላይ «ወርልድ» የሚለው ውስጥ ገባ። ከምዕራቡ ውጭ የሆነውን ሁሉ የሚያጉሩበት መሳቢያ ነው።

ሣጥኑን ያሸነፈ የለም ማለቴ አይደለም። ዘ ዊክንድ በሚል ስሙ የሚታወቀው አቤል ተስፋዬ የዚችው የቶሮንቶ ልጅ፣ ወላጆቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስት የሙዚቃ ስብስቦችን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በአር ኤንድ ቢ ድምፅ ውስጥ የሮክ ናሙና፣ የኤሌክትሮኒክ ምት፣ የሐበሻ እንጉርጉሮ የሚመስል ጉሮሮ አስገባ። ኩባንያ የመጣው ሰሚው ከመጣ በኋላ ነው። የእኛ ሰዎች ግን ይህን ታሪክ ሲያወሩ አንዱን ግማሽ ይተዋሉ። በነፃ መስጠት የሠራለት፣ የሰጠው ሥራ የእሱ ሆኖ ስለቆየ ነው። በቀጣዩ ዓመት እነዚያኑ ዘፈኖች ከትልቅ ኩባንያ ጋር አስማምቶ መልሶ ሸጣቸው።

የድሬው ልጅ የጎደለው ይኼ ነው። ገንዘብ ያገኛል፤ የሰርጉ ዋጋም ሽልማቱም የዚያኑ ሌሊት ኪሱ ይገባል። ወረቀት ግን የለም። ሰርጉን የቀረጸው ቪዲዮ አንሺ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፤ ባጃጁም ሱቁም ያጫውተዋል፤ የተጫዋቹ ስም የትም አይጻፍም። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፣ በ2007ም ተሻሽሏል። ግን ቀፊራ ገበያ ላይ በፍላሽ ዘፈን የሚሞላ ልጅ ዘንድ አዋጁ ደርሶ አላየሁም።

ካናዳ ላይ የመንግሥትና የሬዲዮ ገንዘብ የሚደግፈው ፋክተር የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለሙዚቀኞች ድጋፍ ይሰጣል። ንግድ ሬዲዮዎችም ከሚያሰሙት ተወዳጅ ሙዚቃ 35 በመቶውን ካናዳዊ እንዲያደርጉ ደንብ አስገድዷቸው ኖሯል። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠና «እና ለምን ምግብ ያደርሳሉ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ድጋፉ ማመልከቻ መጻፍ ለሚችል ነው፤ የቤት ኪራዩ ደግሞ ለሁሉም ነው። ስፖቲፋይም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። የእኛ ልጅ ዘፈን እዚያ አልደረሰም፤ በሰርጉ አንድ ሌሊት ያገኘውን ከዚያ ለማግኘት ብዙ ሺህ ጆሮ ያስፈልገዋል።

ስለ እኛ ስለ ዲያስፖራዎቹም ልበል። አዳራሽ ተከራይተን ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ዘፋኝ እናስመጣለን፤ እዚሁ ያለውን ወጣት ደግሞ «መክፈቻ ላይ ተጫወት፣ ለመታወቅ ይጠቅምሃል» እንለዋለን፤ በነፃ። አዲስ ነገር ሲጀምር ከኋላ «ትዝታ! ትዝታ!» የሚል ይነሳል። የፈረንጁ ሣጥን ወርልድ ነው፤ የእኛው ሣጥን ትዝታ ነው። የድሬ ሴቶች የሚፈልጉትን በጭብጨባ ያሳዩታል እንጂ አንዱን ብቻ ተጫወት አይሉትም።

አሁን የያዝነው የወረቀቱን ጉዳይ ነው። ዘፈኑ ላይ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ላክሁለት፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ኡድ። ለኡድ ተጫዋቹ ሲያሳየው ሰውዬው ተቆጣ። «ወንድምህ አይደለሁም እንዴ? አብረን በልተን አብረን ጠጥተን ዛሬ ወረቀት ታመጣብኛለህ?» አለው። ድሬ ላይ በጓደኛሞች መካከል ፊርማ መጠየቅ ሰውን እንደ መጠርጠር ነው፤ ቂም ያመጣል። ልጁ ለሳምንት ያህል ጉዳዩን አላነሳበትም። በመጨረሻ ቤቱ ሄዶ፣ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበለት። ለኡድ 20 በመቶ የሚለው ላይ ሲደርስ ሰውዬው ቁጣውን ረሳና «ለምን 25 አይሆንም?» ብሎ ይከራከር ጀመር። እስካሁን አልተስማሙም፤ ልጁ 22 ላይ ነው፣ ሌላኛው ዜማው ውስጥም እጄ አለበት ይላል።