ማስተካከያ፦ ስለ አዮዲን ጨው የጻፍኩት «በቂ» የሚል ቃል

በአዮዲን እጥረት ስለሚመጣው እንቅርት ስጽፍ «በኢትዮጵያ 89 በመቶው ቤተሰብ በቂ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀማል» ብዬ ነበር። «በቂ» የሚለው ስህተት ነው።

ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ጨው ላይ የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ያደርጋሉ። ቀለሙ ከተለወጠ አዮዲን አለ ማለት ነው። መጠኑን ግን በትክክል አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ ላለ ጨው በቂ የሚለው በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሲኖረው ነው። ይህ ደግሞ ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

አዮዲን ያለው ጨው መስፋፋቱ ራሱ ግን እውነት ነው፤ ለውጡም ትልቅ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሳቱ በፊት አዮዲን የገባበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋ ገበያውን የያዘው አዮዲን የሌለው የአፍዴራ ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ ቤት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ።

ጽሑፌን አንብባችሁ «እኛማ ደህና ነን» ያላችሁ ካላችሁ፣ እሱ እርግጠኛ አይደለም። አዮዲን በእርጥበት፣ በፀሐይና በሙቀት ይቀንሳል። (እኛ ቤት ጨው የሚቀመጠው ክዳኑ በጠፋ ጣሳ፣ ያውም ምድጃ ጥግ ነበር።) ከድኖ ማስቀመጥና ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ነፍሰ ጡሮች በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ሌላው አዋቂ 150። ለዚህ ብሎ ጨው ማብዛት ግን አያስፈልግም።

የቀድሞው ጽሑፍ ላይ ቃሉን አርሜዋለሁ።