ዋጋው የማይነገር ሳይንስ

የወሎ ወገኖቼ፣ በተለይም መምህራንን የምታሠለጥኑ፣ ለመምህርነት የምትሠለጥኑና ልጆቻችሁን ለእነዚህ መምህራን በአደራ የምትሰጡ ሁሉ፣ ዛሬ የምናገረው ወቀሳ ነውና አትቆጡኝ፤ ወቀሳው እኔንም ይጨምራል። ዕጩ የሳይንስ መምህራንን ባስተማርሁባቸው ዓመታት ስለ አቶም፣ ስለ ሴልና ስለ ጉልበት እንዴት እንደሚያስረዱ አሳይቻቸዋለሁ። ያ ዕውቀት በማን ገንዘብ እንደተገኘ፣ ሥራ ላይ ሲውል ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር ግን ለረጅም ጊዜ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ያነቃኝ ከደላንታ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ነው። በማስተማር ልምምድ ተራው ደርሶ ስለ ሲሊካ አስተማረ፤ ቀመሩን በሰሌዳው ላይ ጻፈ፣ አሸዋንና መስታወትን በምሳሌነት ጠቀሰ፣ ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። ከክፍል ስንወጣ ከኪሱ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ጥሬውን አውጥቶ ወንድሙ ከገደል ቆፍሮ ያወጣው መሆኑን በኩራት ነገረኝ። «ይህስ ከምን የተሠራ ይመስልሃል?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ኦፓል ውኃ ያዘለ ሲሊካ ነው፤ ልጁ ያንኑ ቀመር በእጁ ጽፎ የጠመኔው ብናኝ ገና ከጣቱ አልለቀቀም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የቤቱን ድንጋይ ትቶ የመጽሐፉን አሸዋ ያስተማረው እኔ እንደዚያ ስላሠለጠንሁት ነው።

እስቲ ያ ትምህርት ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አስቡት። በዚያው በደላንታ የሚገኘው የወገል ጤና ኦፓል በሰፊው የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ዐለት መካከል፣ በገደሉ ወገብ ላይ በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ እየደበዘዘ እንደ መስታወት ያስተላልፋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ኅብረ ቀለሙ ይመለሳል። ከመነከሩ በፊትና በኋላ በሚዛን ቢመዘን ተማሪው ስለ ቀዳዳማ ቁሶች በሥዕል የሚማረውን በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ ይመጣል። ጥሬው የሚሸጠው በግራምና በኪሎ፣ ተቆርጦ የተወለወለው የሚሸጠው በካራት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ በአንድ ኪሎ ውስጥ 5,000 ካራት አለ። ሲቆረጥ ከክብደቱ ብዙው እየተፋቀ ይወድቃል፤ የተረፈው ጥቂቱ ግን ከነበረው ሁሉ በልጦ ይሸጣል። ከእኛ የሚወጣው ጥሬ ኦፓል ብዙው ሕንድ ሄዶ ይቆረጣል። ለመቁረጥ የሚያስፈልገው የመፋቂያ ድንጋይ፣ ውኃና ትዕግሥት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ድንጋይ በድንገት ሲሞቅ ወይም ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ማወቅ ነው፣ እርሱም ያው የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ገደል ውስጥ ነፍሱን አስይዞ የሚቆፍረው ወጣት የሚያገኘውና የመጨረሻው ገዢ የሚከፍለው ለምን እንዲህ እንደሚራራቁ ማስረዳት ያለበት ደላላው ነው ወይስ መምህሩ?

ሳይንስ እውነት መፈለጊያ እንጂ ሸቀጥ አይደለም የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔም ሸቀጥ ነው አላልሁም፤ ዕጩ መምህራንን ነጋዴ እናድርጋቸው የሚልም የለም። እንዲያውም ሒሳቡን አብረን ብንሠራ ገበያ ብቻውን የማይሠራው ነገር የቱ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ የሚታየን ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ የማሽላን ነገር ውሰዱ። ሠልጣኞቻችን የዘር ውርስን ያጠናው ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘውን የ3 ለ 1 ድርሻ፣ ማለትም ከዲቃላው አራት ልጆች ሦስቱ ረጅም አንዱ ድንክ መሆኑን፣ በቃላቸው ይወጡታል። አባታቸው ግን ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ ለምን አዲስ መግዛት እንዳለበት፣ ከራሱ ጎተራ ያስቀረውን ቢዘራ ለምን አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ ሆኖ እንደሚያሳዝነው ሲጠይቃቸው መልስ የላቸውም። መልሱ 3 ለ 1ን ያስገኘው ያው ሕግ ነው፤ የዲቃላው ልጆች ባሕርያቸው ስለሚበታተን ገበሬው በየዓመቱ ወደ ሻጩ ይመለሳል፣ የዘር ነጋዴውም ገቢ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ማሽላ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የሚያፈራና ልጁም ወላጁን የሚመስል ስለሆነ የቆቦ ገበሬ ከአውድማው መርጦ ያስቀመጠውን ዘር ለከርሞ ይዘራዋል። ታዲያ አንድ ጊዜ ገዝቶ ዳግመኛ ለማይመለስ ደንበኛ ብሎ ዓመታት የሚፈጅ ምርምር የሚከፍል ነጋዴ ከየት ይገኛል?

የማሽላን ሥር የምትመጠውን ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራን፣ የማያውቅ የቆላ ወሎ ሰው የለም። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፣ ያም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዛሬ ሳትነቀል የቀረች አንዲት አቀንጭራ ለልጅ የምትተርፍ ዕዳ ናት ማለት ነው። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ይህን ዘር ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅሰው አጥንተው፣ ንጥረ ነገሩን እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ያዳቀሉት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው፤ ለሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ያ ምርምር በአብዛኛው የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ እንጂ በዘር ነጋዴ ትርፍ አይደለም። ከወልድያ ብዙም በማይርቀው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላ ላይ የሚሠራውም እንደዚሁ በእኔና በእናንተ ግብር ነው። ይህን ያልተማረ ሠልጣኝ ጥገኛ ተክልን ከውጭ መጽሐፍ በተቀዳ ሥዕል ያስተምራል፤ ተማሪውም አድጎ ለምርምር የሚወጣ ገንዘብ ሲቀነስ ምን እንደቀረበት አያውቅም።

ዋጋ ስል ትርፍን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቆዳ በክሮም፣ ማለትም ክሮሚየም በሚባል ብረት ጨው፣ ይለፋል፤ በኮምቦልቻ በሚያልፉት በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ውስጥም ክሮሚየም መገኘቱን ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። የፋብሪካውን ፍሳሽ አጣርቶ መልቀቅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሳይጣራ ሲለቀቅ ግን ወጪው አልጠፋም፣ ከፋብሪካው መዝገብ ወጥቶ ወንዙን ተከትሎ በታች በኩል ከብቱን የሚያጠጣው ሰው መዝገብ ላይ ወረደ እንጂ። ስለ ማዳበሪያም ልናገር ነበር፤ አንድ የ50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን እንደሚይዝና በባሕር ተጭኖ እንደሚመጣ፣ የደጋው ባቄላ ግን ከአየር ናይትሮጅን የሚያስይዘው ሥሩ ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ መሆኑን። እርሱን ግን ለእናንተው ልተወው።

የኮሌጅ መምህራን ሆይ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሞልቷል አትበሉኝ፤ የጠየቅኋችሁ አዲስ ምዕራፍ አይደለም። ሠልጣኙ ባዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ግርጌ «ይህ ምን ያስወጣል? ማን ይከፍላል? ማን ይጠቀማል?» የሚል ጥያቄ እንዲጽፍ አድርጉት፤ መልሱንም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገበያ ጠይቆ ያምጣ። ሠልጣኞች ደግሞ፣ የመምህር ደመወዝ ራሱ በቂ የኢኮኖሚ ትምህርት ነው እያላችሁ መቀለዳችሁን ሰምቻለሁ፤ ቀልዱ እውነት አለው፣ ግን ከመማር አያሳርፋችሁም። ወላጆችም ልጃችሁ ሳይንስ የሚማረው ሐኪም ለመሆን ብቻ ይመስል፣ ሌላ ነገር ሲጠይቅ «ተወው፣ ለፈተና አይመጣም» የምትሉትን ተዉ።

መጀመሪያው ከብዷችሁ እንደሆነ ከፊዚክስ ጀምሩ። ሥራንና ጉልበትን ስታስተምሩ ሳጥን በወለል ላይ መግፋቱን ትታችሁ በቆቦ ሜዳ ከጉድጓድ ውኃ ስቡ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ነው፤ 60 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 588,000 ጁል፣ ማለትም 0.16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ፓምፑ የሚበላውን ግማሹን ካባከነው እጥፉን መክፈል ነው። አንድ ሔክታር ሽንኩርት 10 ሚሊሜትር ውኃ ለማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ እርሱም በዚያው እጥፍ ሒሳብ 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የመብራቱን ታሪፍ ወይም የናፍጣውን ዋጋ፣ እንዲሁም ሽንኩርቱ በዚህ ሳምንት በስንት እንደዋለ ተማሪው ከቤቱ ጠይቆ ይምጣና ቀሪውን በሰሌዳው ላይ እርሱ ይሥራው።